ቁልቋልና ቁጥቋጥ፦ የአንድ ከተማ ሁለት ስሞች

ባለፈው ዓመት የእናቴን የጋብቻ ወረቀት ይዤ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። ወረቀቱ በእጅ የተጻፈ፣ ማኅተሙ የደበዘዘ፣ እጥፋቱ ላይ በፕላስተር የተያያዘ ነው። የጋብቻው ቦታ «ናዝሬት» ይላል። የእናቴ መታወቂያ ደግሞ «አዳማ» ይላል። ከመስኮቱ ወዲያ የተቀመጠው ወጣት ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘርግቶ አየና ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። የከተሞቹን ዝርዝር ወደ ላይ ወሰደው፤ ወደ ታች መለሰው። «ናዝሬት የሚል የለም» አለኝ። አንድ ከተማ መሆኑን ነገርኩት። እሱም ያውቃል፤ ዝርዝሩ ግን አያውቅም። በመጨረሻ «ሁለቱ አንድ ስለመሆናቸው ደብዳቤ አምጪ» ተብዬ ወጣሁ። ደብዳቤውን ለማግኘት ሦስት ቀን ተመላለስኩ።

በእነዚያ ሦስት ቀናት፣ በየወንበሩ ተራ ስጠብቅ፣ ስለ ተወለድኩባት ከተማ ስም ከዚያ በፊት ካሰብኩት ሁሉ በላይ አሰብኩ። ናዝሬት የሚለውን ስም የሰጧት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2000 ወደ አዳማ በይፋ ተመለሰች። ሩብ ምዕተ ዓመት አለፈ ማለት ነው። እስካሁን ግን ሰው በተሰበሰበበት አንዱ «ናዝሬት» ሲል የሌላው ፊት ይጠቁራል፤ «አዳማ» ሲል ደግሞ ሌላው የአፍ ወለምታ እንደሰማ ሁሉ ያርማል። የተናጋሪው ወገን በስሙ ይለካል። እኔ ከተማዋ አዳማ መባሏን ከልቤ እደግፋለሁ። የሚያሳዝነኝ ስሙን መልሰን ትርጉሙን አለመረከባችን ነው። አማርኛ አፋችንን የፈታንበት የከተማዋ ልጆች አዳማ የሚለውን ቃል በቀን ሃያ ጊዜ እንጠራለን። ምን ማለት ነው ብንባል ግን አብዛኞቻችን መልስ የለንም።

እኔ ቃሉን የተማርኩት እያለቀስኩ ነው። ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው። የእኛንና የጎረቤታችንን ግቢ የሚለየው አጥር ቁልቋል ነበር። በዱላ እየመታሁ ቅርንጫፉን ሰበርኩት። ከስብራቱ ነጭ ወተት የመሰለ ነገር ተንጠባጠበ፤ እጄን ሰድጄ ነካሁት። ሁላችንም «አዴ» የምንላቸው ጎረቤታችን ከማድ ቤት እየሮጡ ወጡ። «ሂን ቱቂን! አዳሚ ዻ!» አትንኪ፣ ቁልቋል ነው ማለታቸው ነው። እጄ ወደ ዓይኔ ሳይሄድ ያዙኝና በጣሳ ውሃ እያፈሰሱ እስኪቀላ ድረስ አሹት። ያለቀስኩት ከጩኸታቸው የተነሣ ነው። የቁልቋል ወተት ዓይን እንደሚያጠፋ ያወቅሁት በኋላ ነው። አዳሚ የሚለው ቃል ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ ከጆሮዬ አልወጣም። የከተማዬ ስም መነሻ ነው ብለው ብዙዎች የሚያነሡት ይኸው ቃል መሆኑን ስሰማም ትልቅ ሰው ሆኜ ነበር።

እንግዲህ ይህ ተክል ቋንቋ ሲሻገር ምን እንደሚሆን ተመልከቱ። በኦሮምኛ አዳሚ፣ በአማርኛ ቁልቋል ነው፤ ሁለቱም ሕዝቦች በግቢያቸው ያውቁታል። የከተማዋን ስም በእንግሊዝኛ የሚተረጉሙ ጽሑፎች ግን ብዙ ጊዜ «ካክተስ» ይሉታል። ካክተስ የአሜሪካ ምድር ተክል ነው። በለስ ከዚያ ወገን ነው፤ ባሕር ተሻግሮ የመጣ። ቁልቋል ግን የዚህ አገር ነው፤ ዘሩም ሌላ ነው። በመልክ ተመሳስለው ነው እንጂ ዝምድና የላቸውም። ስሙ ወደ ሩቅ ቋንቋ ሲሄድ የአገሩን ተክል ጥሎ የሌላ አገር ተክል ይዞ ተመለሰ። እኛ ደግሞ፣ ቁልቋሉን በየቀኑ የምናየው፣ ቃሉን ለመተርጎም እንኳን አልሞከርንም።

ወደ ናዝሬት ልምጣ። ናዝሬት የሚለውን ስም እንደ ባዕድ የሚያዩ አሉ፤ እንደ ቅዱስ የሚያዩም አሉ። ሁለቱም ወገኖች ቃሉን ቀረብ ብለው ቢያዩት እወዳለሁ። በገሊላ ያለችው ከተማ በዕብራይስጥ ስትጻፍ መካከሏ ላይ ያለው ፊደል ከእኛ ጸ ጋር የሚመሳሰለው ነው፤ «ናጽራት» ለማለት የቀረበ ድምፅ ነው። ዐረቦቹ «አን-ናሲራ» ይሏታል። ግሪክ ጸ የሚባል ድምፅ የለውምና በዘ ጻፋት። እኛ ጸ አለን። ጽዮንን በጸ ጽፈን ይዘናል። ናዝሬትን ግን በዘ እንጽፋለን፤ ስሟ ወደ ግዕዝ የገባው በግሪክ በኩል ነውና። አንዲት ፊደል የመጽሐፉን መንገድ ትናገራለች።

ትርጉሟስ? ሊቃውንት ሁለት መነሻ ያነሣሉ። አንዱ መጠበቅ፣ መመልከት የሚል ግስ ነው። የዚህ ግስ ዘመድ በእኛም ቤት አለ፦ በግዕዝ ነጸረ ማለት ተመለከተ ማለት ነው። መነጽር ከዚያ የመጣ ነው፤ ማነጻጸርም፣ አንጻርም። ስለዚህ አያቴ ጋዜጣ ለማንበብ አፍንጫቸው ላይ የሚያስቀምጡት መነጽርና የከተማቸው የቀድሞ ስም ምናልባት የአንድ ሥር ልጆች ናቸው። ሁለተኛው መነሻ ደግሞ «ኔጼር» የሚለው የዕብራይስጥ ቃል ነው። ነቢዩ ኢሳይያስ በአሥራ አንደኛው ምዕራፍ ከእሴይ ሥር ይወጣል ያለው፣ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ቁጥቋጥ» የተባለው ነው። ወንጌላዊው ማቴዎስ «ናዝራዊ ይባላል» ሲል ይህንኑ ቃል እያሰበ ነው የሚሉ ተርጓሚዎች አሉ።

ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ለጥቂት ጊዜ ዝም አልኩ። ቁልቋልና ቁጥቋጥ! ሲጣሉ የኖሩት ሁለቱ ስሞች እነዚህ ትርጉሞች ልክ ከሆኑ ሁለቱም የተክል ስሞች ናቸው። አንዱ ከደጃችን የበቀለ፣ ሌላው ከገሊላ የመጣ።

ዐረብኛው ደግሞ ሌላ መንገድ ሄዷል። በዐረብኛ የዚያ ሥር ትርጉም መርዳት፣ ድል መስጠት ነው፤ አን-ናሲራ የሚለውን የሰማ ዐረብ ድል የምትሰጥ ሴት ብሎ ሊረዳው ይችላል። ክርስቲያኖችንም ነሳራ ይሏቸዋል። ስሙ ያው፣ ፊደሉ ያው፣ የሚያሳየው ሥዕል ግን ሦስት ዓይነት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መናገር እፈልጋለሁ፤ ብዙ ሰው ሲሳሳትበት አያለሁና። የድምፅ መመሳሰል ዝምድና አይደለም። አዳማ የሚል ስም በመጽሐፍ ቅዱስም አለ። በኦሪት ዘፍጥረት ከሰዶምና ከገሞራ ጋር ከሚጠሩት ከተሞች አንዷ አዳማ ትባላለች፤ ንጉሥም ነበራት፤ በኋላም ከእነሰዶም ጋር እንደጠፋች ኦሪት ዘዳግም ይጽፋል። ይህን ይዘው የእኛዋ አዳማ ስሟን ከዚያ ወሰደች የሚሉ ሰዎች ሰምቻለሁ፤ በአንድ የለቅሶ ድንኳን ውስጥ አንድ አባት በቁም ነገር ሲያስረዱ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የጋምቢያው ፕሬዚዳንት አዳማ ባሮው ይባላሉ። በናይጄሪያና በካሜሩን አዳማዋ የሚባል ምድር አለ፤ ስሙን ያገኘው ሞዲቦ አዳማ ከሚባሉ የፉላኒ መሪ ነው። እዚያ አዳማ የአዳም ሌላ አጠራር ነው። ከእነዚህ አንዳቸውም ከእኛ ቁልቋል ጋር አይገናኙም። የአንድን ቦታ ስም መፍታት ካለብን መጀመሪያ መጠየቅ ያለብን በቦታው የኖረውን ሕዝብ ቋንቋ ነው።

ይህን ስንዘነጋ ምን እንደሚያመልጠን የሚያሳይ አንድ ነገር አለ። ጎረቤታችን ቢሾፍቱ ደብረ ዘይት ተብላ ነበር። ዘይት የሚለውን የዛሬ ጆሮ ማድ ቤት ያለው ዘይት ይመስለዋል፤ በግዕዝ ግን ወይራን ይጨምራል፤ ደብረ ዘይት በኢየሩሳሌም አጠገብ ያለው የወይራ ተራራ ነው። ስሙን የሰጡት ንጉሥ፣ ያው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ ደግሞ የተወለዱት ሐረር አካባቢ ኤጀርሳ ጎሮ በሚባል ቦታ ነው። ኤጀርሳ በኦሮምኛ ወይራ ማለት ነው። ወይራ በሚባል ምድር የተወለዱ ሰው ሌላውን ምድር ወይራ ብለው ሲሰይሙ ከኢየሩሳሌም አስመጡት! ዛፉ በትውልድ ቀዬአቸው ስም ውስጥ ቆሞ ነበር።

ትርጉም ተሻግሮ የሚያውቅበት ጊዜም አለ። ፊንፊኔ የሚለው ስም ከሚፈልቀው ሙቅ ውሃ ጋር የተያያዘ ነው፤ አማርኛው ፍልውሃ ብሎ ትርጉሙን ይዞት ቀጠለ። በተቃራኒው ለገሃር የሚለውን ስሙ። ከለገጣፎና ከለገዳዲ ጎን ብናስቀምጠው የኦሮምኛ ስም ይመስላል፤ ለጋ ማለት ወንዝ ነውና። ግን ወንዝ የለውም፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1917 ከጅቡቲ አዲስ አበባ ከደረሰው ባቡር ጋር የመጣ ፈረንሳይኛ ነው፤ ጣቢያ ማለት ነው። የአገር አፍ ለራሱ እንዲስማማው አድርጎ አቀናው።

የአዳማ አጠራርም ቢሆን ወደ አማርኛ ሲገባ ሳይሸራረፍ አልቀረም። የእህቴ ልጅ በኦሮምኛ ይማራል። ቁቤ በ1984 ዓ.ም. የኦሮምኛ ይፋዊ ጽሕፈት ሲሆን ካመጣቸው ነገሮች አንዱ ረጅሙን አናባቢ ሁለት ጊዜ መጻፍ ነው። ልጁ አንድ ቀን እናቴን ሊያርማት ተቀመጠ፦ «አያቴ፣ አዳማ አይደለም፤ አዳ...ማ...ነው»፤ ዳውንም ማውንም እየሳበ። እናቴ ደጋግማ ሞከረች። በግዕዝ ፊደል አጭሩም ረጅሙም አንድ ዳ ነው፤ ዓይናችን ያላየውን አፋችን አይጠራውም። በከተማችን ዸካ አዲ የሚባለው ሰፈርም እንዲሁ ነው። ነጭ ድንጋይ ማለት ነው። ዸ የሚለው ፊደል አለን፤ ብንፈልግ እንጽፈው ነበር፤ ግን በየታፔላው «ደካ» እያልን እንጽፈዋለን፤ በአማርኛ ጆሮ ደግሞ ደካማን እንጂ ድንጋይን አያስታውስም። ሐዋሳም ለብዙ ዓመት አዋሳ ተብላ ኖራለች፤ በሲዳምኛ የሚጀምርባት ድምፅ ከአማርኛ አፍ ላይ ወድቆ። ዛሬ ድምፁን መልሰንላታል፤ በሀ፣ በሐ ወይስ በሃ እንጻፋት የሚለው ግን እስካሁን አልተስማማንበትም።

ናዝሬት የሚለው ስም ይጥፋ የሚሉትን አልከተልም። እናቴ የተዳረችው፣ እኔን የወለደችው ናዝሬት ነው፤ በአፏ እንዲያ ነው። በከተማችን ናዝሬት የሚባሉ ስንት ሴቶች አሉ፤ ከተማዋ ስሟን ስትመልስ እነሱ ስማቸውን ይዘው ቀሩ። አሮጊቷን ናዝሬት ስላሉ መገላመጥ ነውር ነው። ከአርባ ዓመት በታች ያለን አማርኛ ተናጋሪዎች ግን ምክንያት የለንም። አዳማ ማለት ይገባናል፤ አዳማ ስንል ደግሞ ቁልቋሉ በሐሳባችን ሊመጣ ይገባል።

ለዚህ የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። የከተማዋ ትምህርት ቤቶች በአማርኛ ክፍለ ጊዜ የሰፈሮቻችንን ስሞች ትርጉም ለልጆች ያስተምሩ፤ ኦሮምኛ የሚችለው ልጅ ለማይችለው ይንገረው። ከተማ አስተዳደሩ በአሮጌው ባቡር ጣቢያ በር ላይ በሁለቱም ቋንቋ አንድ ሰሌዳ ያቁም፤ አዳማ ከየት እንደመጣ፣ ናዝሬት መቼ እንደገባና መቼ እንደወጣ የሚናገር። ከሰሌዳው አጠገብ ቁልቋል ይተከል። ግንብና ብሎኬት አጥሩን ሁሉ በተኩ ጊዜ በእኛ ሰፈር የነበረው ተነቅሏል፤ የዛሬ ልጆች ስሙን ሲሰሙ በጣታቸው የሚያሳዩት ተክል እንኳን የላቸውም።

መዝገብ የሚይዙ መሥሪያ ቤቶች ደግሞ በኮምፒውተራቸው ዝርዝር ላይ አንዲት መስመር ይጨምሩ፦ «አዳማ፣ ቀድሞ ናዝሬት»። ቢሾፍቱም፣ ባቱም፣ ስማቸው የተቀየረ ሌሎች ከተሞችም እንዲሁ። ያቺ መስመር ብትኖር ኖሮ እናቴ የጋብቻ ወረቀቷን ለሦስት ቀን ባልተለየችው ነበር። አሁን ከወረቀቱ ጋር በአንድ ፖስታ ውስጥ የተቀመጠ፣ ባለ ክብ ማኅተም፣ ባለ ሁለት መስመር ደብዳቤ አላት፤ ናዝሬትና አዳማ አንድ ከተማ መሆናቸውን ይመሰክራል።