ፊልሙን ልናይ ነው ወይስ ልንገምት?
ትናንት ማታም ድሬዳዋ ሲኒማ ገባን። ሙዚቃው ጆሮ ይበጥሳል፣ ተዋናዮቹ ግን አፋቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። አሁንስ በዛ! በ5.1 ድምፅ (ድምፁ ለየስፒከሩ ተከፋፍሎ ከፊትም ከዙሪያም በሚመጣበት አሠራር) ንግግሩ በብዛት የሚወጣው ከስክሪኑ ጀርባ ካለው መሀለኛው ስፒከር ነው፤ እሱ ከሞተ ስንት ጊዜው፣ ማን ነካው? ምስሉማ አይነሳ። የፕሮጀክተሩ መብራት፣ የዜኖን አምፖሉ፣ ሰዓቱን ሲጨርስ እየደከመ ይሄዳል፣ ሊፈነዳም ይችላል፤ የሲኒማ ቤቱ ሰዎች ግን ጭራሽ እስኪጠፋ ይጠብቃሉ፣ እኛ ቀኑም ሌሊት የሚመስል ፊልም ላይ እናፈጣለን። ደግሞ የድሬ አቧራና ሙቀት እየታወቀ የፕሮጀክተር ፊልተር ማጽዳት ይህን ያህል ይከብዳል? ፊልተሩ ሲደፈን ማሽኑ ይግላል፣ ልብ የሚሰቅለው ቦታ ላይ ድርግም! የቲኬት ዋጋ መጨመር ላይ ማን ይቀድማችኋል? ለአንድ ቴክኒሻን ግን ብር የለም። ስፒከሩን አሠሩት፣ አምፖሉን ቀይሩት፣ ካልሆነ ብራችንን መልሱ!