ክቡር ሻጋታ

ሳይጠጡ መጠጣት የሚችሉ ሰዎች አሉ። በዓይኔ አይቻቸዋለሁ። ብርጭቆውን በቀጭን እግሩ ይይዙታል፤ ያሽከረክሩታል፤ ወደ መብራት ከፍ አድርገው ያዩታል። አፍንጫቸውን ይከቱበታል። ዓይናቸውን ጨፍነው ጥቂት ይጎነጩና እንደሚጉመጠመጥ ሰው አፋቸው ውስጥ ያንገላቱታል። ከዚያ ባልዲ ውስጥ ይተፉታል። ከተፉት በኋላ ሩብ ሰዓት ያህል ይናገራሉ።

ወይኑ 40 ዓመት በጨለማ የተቀመጠው ለዚች ባልዲ ነበር።

በእነዚህ ሰዎች ላይ የሚያሾፍ ብዙ ነው። ምቀኛ የት ይጠፋል? እኔ ግን ዛሬ ላመሰግናቸው ተነሥቻለሁ። እነሱ ባይኖሩ ወይን የሚጠጣ ነገር ነው ብለን እንደተታለልን እንቀር ነበር።

አገሩ ሶተርን ይባላል። ከቦርዶ ከተማ ወደ ደቡብ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ጣፋጭ ነጭ ወይን የሚወጣበት ነው፤ ከምግብ በኋላ የሚቀርበው ዓይነት። እዚያ አገር ሻጋታ ማዕረግ አለው። ቀልዴን አይደለም። ሲሮን የሚባል ቀዝቃዛ ወንዝ ሞቅ ካለው ከጋሮን ጋር ሲገናኝ፣ በመኸር ጧት ጧት ጉም ይነሣል። ጉሙ ወይኑን ያረጥበዋል፤ ቦትራይቲስ የሚባል ሻጋታ ይይዘዋል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ከወጣች ሻጋታው የበሳሳው ልጣጭ ውኃውን ያስተንነዋል፤ ስኳሩ ይቀራል። ይህኔ «ክቡር ሻጋታ» ይባላል። ፀሐይዋ ከቀረች፣ ዝናቡም ከቀጠለ፣ ያው ሻጋታ፣ እዚያው ፍሬ ላይ፣ «ግራጫ ሻጋታ» ተብሎ ይረገማል። አየሩ የቀናው ደጃዝማች ይሆናል፤ ያልቀናው ሻጋታ ብቻ ሆኖ ይቀራል። እኛ ቤት ሻጋታ የምናውቀው የሰነበተ እንጀራ ላይ ነው። ክቡር ብሎ የጠራው ሰው አላጋጠመኝም።

ይህን የማወራው ሰምቼ ብቻ አይደለም። ተማሪ ሳለሁ አንድ መኸር እዚያ ወይን ለቅሜያለሁ። የመጀመሪያው ቀን ትዝ ሲለኝ እስካሁን ጆሮዬ ይግላል። ትንሽ መቀስና ቅርጫት ተሰጠኝ። እናቴ እንዳሳደገችኝ አድርጌ ሠራሁ፤ የሞላውን፣ የሚያብረቀርቀውን፣ ወርቅ የመሰለውን ፍሬ ቆርጬ ቅርጫቴ ውስጥ ከተትኩ። የተጨማደደውን፣ ቡናማ ሆኖ ግራጫ ፀጉር ያበቀለውን መሬት ላይ ጣልኩ። አሠሪዬ መጣ። ሙሴ እለዋለሁ፤ ስሙን ማንሣት አያስፈልግም። ቅርጫቴን አየ። መሬቱን አየ። ተንበርክኮ የጣልኩትን አንድ በአንድ ሲለቅም ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም።

ከዚያ በኋላ ትምህርቱ ገባኝ። ከአንድ ዘለላ ላይ የሻገተውን ብቻ ትቆርጣለህ። ያልሻገተውን ለሚቀጥለው ሳምንት ትተወዋለህ። አንዱን ማሳ አምስትና ስድስት ጊዜ ትመላለስበታለህ። ጣትህ ይጣበቃል፤ ተርብ ይከተልሃል፤ ወገብህ የራስህ መሆኑ ያጠራጥርሃል። ከአገሩ የወይን እርሻዎች ሁሉ የገነነው ሻቶ ዲኬም ውስጥ አንድ የወይን ተክል በዓመት የሚያወጣው አንድ ብርጭቆ ብቻ ነው ይባላል። አየሩ አልቀና ያለ ዓመት ደግሞ ጭራሽ የለም፤ በፈረንጆቹ 2012 አንድም ጠርሙስ አላወጡም። ገበሬ ሆኖ፣ ምርት ተበላሸ ብሎ ዓመት ሙሉ መዝለል! ለዚህ ቆራጥነት ባርኔጣዬን አነሣለሁ። ባለቤቱ ከ1999 ጀምሮ የሉዊ ቪቶን ቦርሳ የሚሸጠው ኩባንያ መሆኑ ለቆራጥነቱ ሳይረዳ አልቀረም።

ዲኬም የገነነው ዛሬ አይደለም። በ1855 የቦርዶ ወይኖች ለፓሪሱ ኤግዚቢሽን በደረጃ ሲከፈሉ፣ ከጣፋጮቹ ሁሉ በላይ ብቻውን አንድ ወንበር ተሰጠው። እኛ አገር ያን ዓመት የነገሡት አፄ ቴዎድሮስ ናቸው። ከዚያ ወዲህ እኛ ዘንድ ስንት መንግሥት ወጥቶ ወረደ። ዲኬም ያቺን ወንበር እስካሁን አልለቀቀም።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ከዓመታት በኋላ ሙሴ ደወለልኝ። የድሮ ጠርሙሶች ሊከፍት ነው፤ እንግዶች አሉ፤ «አንተ የለቀምከውም አለ፤ መሬት ላይ ከጣልከው የተረፈው» አለኝ። ሄድኩ።

ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ፣ መሐል ላይ ባልዲ። ሰባት እንግዶች። አንደኛው ቤት ውስጥ ፎጣ ያህል ሻሽ አንገቱ ላይ ጠምጥሟል። አንዲት ሴት ጥቁር ማስታወሻ ደብተር ይዛለች። የተከፈተው የ1983 ነው። ቡሹ ግማሹ ተፈርፍሮ ወጣ። የተቀዳልኝ ከቡና ስኒ ግማሽ አይሞላም። ቀለሙ ቀይ ሻይ ይመስላል። ይህ ወይን በልጅነቱ ገለባ ይመስላል፣ ሲጎረምስ ወርቅ፣ ሲያረጅ እንደ ሻይ ይጠቁራል። ብርጭቆው ሲዘነብል ግድግዳው ላይ ወፍራም ጠብታ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ «እንባ» ይሉታል። የሚጠብቀውን ባልዲ ላየ ወይን ማልቀሱ አይገርምም።

ባለሻሹ ቀመሰ፣ ተፋ፣ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። «ገና ልጅ ነው» አለ።

ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። የ1983ቱ ወይን ገና ልጅ ነው። እኔ 30 ዓመት ሲሞላኝ እናቴ «በቃ ጊዜህ አለፈ፣ ማንም አይወስድህም» ብላኛለች። ለካስ የተወለድኩት በማይሆን ቤት ነው። ሶተርን ውስጥ ተወልጄ ቢሆን እስካሁን ምድር ቤት አጋድመው «አትንኩት፣ ይብሰል» ይሉኝ ነበር።

ከዚያ ዝርዝሩ ተጀመረ። የአፕሪኮት ማርማላታ። ዘፍራን። የደረቀ የብርቱካን ልጣጭ። የንብ ሰም። የተቃጠለ ስኳር። እርጥብ እንጉዳይ። የድሮ ቤተ መጻሕፍት። አንዱ በኩራት «ትንሽ የጥፍር ቀለም» አለ። ሌላው ቀናና «የዝናብ መምጫ» ብሎ ጨመረ። የእውነት ነው የምላችሁ፣ ግማሹ እኔም ይሸተኝ ነበር። ዘፍራኑም ማሩም አለ። ከቤተ መጻሕፍቱ ጀምሮ ግን ወይኑን ለቀን እርስ በርሳችን መቀማመስ ጀምረናል።

አንድ ቃል ብቻ ማንም አልተናገረም። ስኳር። በሊትር ከ120 እስከ 150 ግራም የሚደርስ ስኳር አለበት፤ ኮካ ኮላ እንኳ ይህን ያህል የለውም። ግን ባለሙያ አፍ ላይ ስኳር ሲደርስ «ሙላት» ይሆናል፣ «ልስላሴ» ይሆናል። የእህቴ ሠርግ ላይ አክሱሚት ሲቀዳለት ደስ ያለውን አጎቴን «ጣፋጭ ወይን የጀማሪ ነው» ብሎ ያሸማቀቀ አንድ ዘመናዊ ዘመድ አለን። ያ ሰው እዚህ ጠረጴዛ ላይ ቢኖር ከሁሉም ቀድሞ ዓይኑን ይጨፍን ነበር። አጎቴ የጎደለው ምላስ አይደለም፤ ዋጋ ነው።

ተራዬ ደረሰ። «እርስዎስ ምን ያገኛሉ?» አለችኝ ባለማስታወሻዋ። ሁሉም ዞሩ። አፌ ላይ የመጣልኝን ተናገርኩ፦ «የአያቴን ጠጅ ይመስላል።»

ዝም አሉ። ጠጅ ምን እንደሆነ አስረዳሁ። ማር፣ ውኃ፣ ጌሾ። ጌሾ ምንድን ነው አሉኝ። መራራ ቅጠል ነው፣ ጣፋጩን የሚይዘው እሱ ነው አልኳቸው። ባለሻሹ ብርጭቆውን መልሶ አነሣ። አሸተተ። ጎነጨ። ቆየ። «አዎ…» አለ በቀስታ፣ «መጨረሻው ላይ ጌሾው ይመጣል።»

ሴትዮዋ ፊደሉን አስቆጥራኝ ጻፈችው። ሰውየው ጌሾ በሕይወቱ አይቶ አያውቅም። በሁለት ደቂቃ ግን ከአያቴ በላይ አወቀው። ይህን ስጦታ ያላመሰገነ ማንን ያመሰግናል? በዚያው ምሽት ሁለት ሌሎች ጠርሙሶች ውስጥም ጌሾ አገኙ።

አያቴ እንኳ ጠጅ ስታሳልፍ የምታደርገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ብርሌውን ለእንግዳ ከመስጠቷ በፊት ጥቂት መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትጠጣለች። መርዝ የለበትም ለማለት ነው። ቃና አትዘረዝርም። ሙያ የሌላት ሴት!

እዚሁ ቦርዶ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፍሬደሪክ ብሮሼ የሚባል ተመራማሪ ነበር። በ2001 በወጣው ጥናቱ የወይን ሙያ ለሚማሩ 54 ተማሪዎች ነጭ ወይን ሽታ የሌለው ቀይ ቀለም ጨምሮ አቀረበላቸው። ተማሪዎቹ በቀይ ወይን ቃላት ገለጹለት። ሰዎች ይህን እያነሡ ይስቃሉ። እኔ አልስቅም። ወይኑ ባይኖርም ቃላቱ ዝግጁ ነበሩ። ከዚህ በላይ ትጋት ምን አለ?

በነገራችን ላይ ወደ ደቡብ፣ ስፔን ድንበር አካባቢ፣ ባኒዩልስና ሞሪ የሚባሉ ጣፋጭ ወይኖች አሉ። አንዳንዶቹን በትልልቅ የመስታወት ገንቦ አድርገው ዓመት ሙሉ ደጅ፣ ፀሐይና ብርድ ላይ ይተዉታል። በዚህ የሚመጣውን ጣዕም «ራንሲዮ» ብለው ያሞካሹታል፤ ቃሉ ከቆየ፣ ከሻገተ ቅባት ጋር ዘመድ ነው። እዚህ ላይ ግን አፌን ልያዝ። ቅቤ «ለጋ ነው፣ በሰል ያለ ነው» እያልን አሽትተን የምንገዛ ሰዎች ነን።

ከሁሉ የማደንቀው ግን ትዕግሥታቸውን ነው። በ2011 ለንደን ውስጥ አንዲት የ1811 ዲኬም ጠርሙስ በ75,000 ፓውንድ ተሸጠች። የገዛት ፈረንሳዊ ባሊ ደሴት ላይ ባለው ምግብ ቤቱ፣ ጥይት በማይበሳው መስታወት ውስጥ ሊያሳያት እንዳሰበ ተናገረ። ይህን ለእናቴ በስልክ አወራኋት።

«ታዲያ ጠጣው?» አለችኝ።

«ለጊዜው ለማሳያ ነው፣ እማዬ።»

ዝም አለች። ከዚያ «የሚጠጣበት ዘመድ የለውም እንዴ?» አለች። አዝናለት ነው።

ሰባቱ እንግዶችም እንደዚሁ ናቸው። በየምድር ቤታቸው ሶተርን አላቸው። ለልጅ ሠርግ፣ ለጡረታ፣ ለልጅ ልጅ ክርስትና ያስቀመጡት። ሠርጉ ሲመጣ ሻምፓኝ ይከፈታል። ጡረታው ሲመጣ ሐኪም ስኳር ከልክሏል። ጠርሙሱ ተከብሮ ይተኛል። ሙሴን የመጨረሻውን የገዙት መቼ እንደሆነ ጠየቅኩት። ጣቱን ቆጠረ፤ ቆጠረና ተወው። ጣፋጩ አልሸጥ ስላለ የሶተርን ገበሬዎች ስኳር የሌለው ነጭ ወይን መሥራት ይዘዋል፤ ሙሴም ግማሽ ማሳውን ለዚያ አድርጎታል። ዲኬም እንኳ «ኢግሬክ» የሚባለውን ስኳር አልባውን ከ1959 ጀምሮ ያወጣል። ቀማሾቹ ግን ውዳሴያቸውን አላቋረጡም። ሳይገዙ እንዲህ አምርሮ መውደድ ለሁሉም አይሰጥም።

አራት ሰዓት ገደማ እንግዶቹ ተነሡ። «ታሪካዊ ምሽት» ነው አሉ። ባልዲው ሞልቷል። ሁለት ጠርሙሶች ከግማሽ በላይ ቀርቶባቸዋል። እኔ መኪና እስክጠራ ማዳም ወደ ወጥ ቤት ወሰደችኝ። የሙሴ ሚስት ናት፤ ምሽቱን ሙሉ አልገባችም። ምድጃ ውስጥ ዶሮ ጠብሳለች። ሽታው ከበር ተቀበለኝ። ከ1983ቱ የተረፈውን አንሥታ በተራ የውኃ ብርጭቆ፣ እስከ አፉ፣ ለሦስታችን ቀዳች። ሙሴ ጫማውን አወለቀ። ጭኑን በእጁ ይዞ ገነጠለ። ማንም አላሽከረከረም። ጨውና ስቡ ላይ ጣፋጩ ሲያርፍ… በቃ፣ ጠጣን። ሁለተኛውንም ቀዳች።

«እሺ» አለችኝ ማዳም፣ እንግዶቹን እያስመሰለች፣ ዓይኗን ጨፍና፣ «ምን ያገኛሉ?»

አፍንጫዬን ብርጭቆው ውስጥ ከተትኩ። ጊዜ ወሰድኩ።

«ዶሮ» አልኳት።