ሱቅ በደረቴ ያሉት ሬዲዮ የእኛ ነው

ባሕር ዳርንና ዙሪያዋን የሚያዳርስ አንድ የማኅበረሰብ ሬዲዮ አለ፤ ስሙን የሚያውቅ ያውቀዋል። ከዚህ ወር ጀምሮ ቅይጥ ፕሮግራሞቹን አጥፎ ቀኑን ሙሉ ሙዚቃና የአውሮፓ ኳስ ወሬ እንደሚያሰማ ነግሮናል፤ በየመሃሉ የቤቲንግ ማስታወቂያ። የጠዋቱ የሐይቅና የገበያ መረጃ፣ የረፋዱ የጤናና የሕግ ውይይት፣ የቀትሩ የጠፋና የለቅሶ ማስታወቂያ፣ የተማሪዎች ሰዓት፣ የማታው ተረትና ቀረርቶ፣ ሁሉም በአንድ ስብሰባ ሄደ። ለምን ተብለው የተጠየቁት ኃላፊ የሰጡት መልስ ነው ብዕር ያስጨበጠኝ። ሬዲዮ እንደ ሱቅ በደረቴ ሁሉን ተሸክሞ አይዞርም፣ የዘመኑ አድማጭ የሚፈልገውን መርጦ በስልኩ ያገኛል አሉ።

እስቲ ከማስረጃቸው እንጀምር። አድማጩ ይህን እንደሚፈልግ ያወቁት በቴሌግራም ገጻቸው ድምፅ አሰጥተው ነው። ቴሌግራም የሌለው ሰው፣ ቴሌግራም እንደሌለው በቴሌግራም እንዲነግራቸው ጠብቀው ነበር ማለት ነው! ደቅ ደሴት ላይ ያለች እናት፣ ቁንዝላ ወደብ ጭነት የሚጠብቅ ተሸካሚ፣ ፎገራ ሩዝ ማሳ ውስጥ እስከ ጉልበቱ የገባ ገበሬ ድምፅ አልሰጡም፤ ስለዚህ አድማጭ አይደሉም። ደግሞስ በስልክህ ተመካ የሚባለው ለማን ነው? ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲጠፋ ኃላፊው የት ከረሙ? ያን ጊዜ ሁለት ድንጋይ የጎረሰ ሬዲዮ ያለው ሰው ነበር ወሬ የሚሰማው። ዛሬም ቢሆን ኤፍኤም ካርድ አይሞላለትም፣ ፓኬጅ አያልቅበትም፤ ጋራ በማይጋርደው የጣና ውሃ ላይ ማዕበሉ የሚደርስበትን ያህል ይደርሳል።

ይህን ግን ልተወውና ኢንተርኔት በየጎጆው ገብቷል እንበል። ያን ጊዜም ተሳስተዋል። የቅይጥ ፕሮግራም ዋናው ነገሩ ሰው ያልመረጠውን ማሰማቱ ነውና።

ሐይቁ ዳር ሴቶች ዓሣ የሚያጸዱበት ዳስ ሄዶ ማየት ነው። ሬዲዮው ምሰሶው ላይ ምስማር ተመትቶለት ተሰቅሏል፤ ውሃና ቅርፊት እንዳይገባበት በፌስታል ተጠቅልሏል፤ የተሰበረው አንቴና በሽቦ ተተክቷል። ቀረሶ የተባለውን ዓሣ የምትፍቅ ሴት እጇ እስከ ክርኗ ቅርፊት ነው። ስልክ አውጥታ የምትመርጥበት ጣት የላትም፤ ጣቢያ ልቀይር ብትልም ሬዲዮው ይበላሽባታል። ስለዚህ የዛሬውን የዓሣ ዋጋ ልትሰማ የከፈተችው ሬዲዮ ቀጥሎ ስለ ውርስ ቢያወራ ትሰማለች። ባሏ የሞተባት ጎረቤቷ በትዳር አብረው ካፈሩት ንብረት እኩሌታው የራሷ እንደሆነና ለባሏ ወንድሞች ትታ መውጣት እንደሌለባት የምታውቀው እንዲህ ነው። የጋራ ንብረት ክፍፍል ብላ ስልኳ ላይ የምትፈልግ መበለት እስካሁን አላጋጠመችኝም፤ ኃላፊውን አጋጥማቸው ከሆነ ያስተዋውቁኝ።

አጥማጁንም እንውሰድ። ነጭ ዓሣ ክረምቱ ሲገባ ዕንቁላሉን ሊጥል ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች ይወጣል። ያኔ የወንዙን አፍ በመረብ የዘጋ ሰው የከርሞውን ዓሣ ዘንድሮ በላ ማለት ነው። ይህን የሚነግር ፕሮግራም ፈልጎ የሚከፍት አጥማጅ አለ? ማን ነው የገዛ ገቢውን የሚቀንስበትን ምክር መርጦ የሚያዳምጥ? ከገበያው ዋጋ ቀጥሎ፣ ማሲንቆው ሊመጣ ሲል ጣል ከተደረገለት ግን ይሰማዋል። እየተሳደበም ቢሆን ይሰማዋል። ኳስ የሚጠብቀውም ጎረምሳ እንዲሁ ነው፤ ውሃው ሲሸሽ፣ ከመስከረም በኋላ፣ ወባ በሐይቁ ዳርና በፎገራ ሜዳ እንደሚበረታ የሚሰማው ስፖርቱ አምስት ደቂቃ ስለዘገየበት ነው። አሁን ስፖርቱ አይዘገይም። ከኳስ ወደ ኳስ ነው።

ከተሜውም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። ቀበሌ 14 ያለ ባለሱቅ ለዜናው ብሎ የተወው ሬዲዮ ሐይቁ ዳር የሚኖረው የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ሽማግሌ ያመጣበታል፤ ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ከዳርቻው እየራቀ፣ ለአንድ ታንኳ የሚሆን ለመልቀም ምን ያህል መንገድ እንደሚኬድ ይነግረዋል። እምቦጭ ሐይቁ ላይ ከታየ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ዘመቻ በተጠራ ቁጥር ካሜራ ይመጣል፣ ዘመቻው ሲበተን ካሜራውም ይበተናል። መረቡን አረም የያዘበት ሰው በማግስቱ ለማን ይናገር? ለእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ተንታኝ?

የቀትሩን ማስታወቂያ ያጠፉት ደግሞ ዘመናዊ ስላልሆነ ነው አሉ። ቀይ፣ ግንባሩ ቦቃ በሬ የጠፋበት ገበሬ ዘመናዊ እስኪሆን ይጠብቅ እንግዲህ። ዘጌ ሰው ሲሞት ባሕር ዳር ያለው ዘመድ ጀልባው ሳያመልጠው ለቀብር የሚደርሰው በዚያ ማስታወቂያ ነበር። ኧረ በሕግ አምላክ!

ሕግ ካልን ዘንድ፣ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 የሕዝብ፣ የንግድና የማኅበረሰብ ብሮድካስትን ለይቶ አስቀምጧል፤ የማኅበረሰቡ ለትርፍ የሚቋቋም አይደለም። የንግድ ሬዲዮ ያማረው ሰው የንግድ ፈቃድ ይጠይቅ፣ ይወዳደር፤ ማንም አይከለክለውም። በእኛ ስም የወጣን ፈቃድ ይዞ የቤቲንግ ቤት ደጃፍ መሆን ግን ምን ይባላል? በየሰፈሩ ትኬት ይዞ የሚያመሽ ወንድማችን እንዳይበቃን፣ በገዛ ሬዲዮናችን ደግሞ ተወራረድ እያልን እንቀስቅሰው?

ገንዘብ የለም ይሉኛል። የለም፤ አውቃለሁ። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ነዳጅ ይጠጣል፣ ጋዜጠኞቹም ቢሆኑ በፍቅር ነው የሚሠሩት። የድሮውም ፕሮግራም እንከን አልባ አልነበረም፤ የጽሕፈት ቤት ኃላፊ መጥቶ የሩብ ዓመት ሪፖርት ያነበበልን ቀን እኔም ዘግቼው ወጥቻለሁ። የሚያሰለቸውን ፕሮግራም ማሻሻል ሲገባ ሁሉንም አውጥቶ መጣል ግን ስንፍና ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ዕድሮች፣ የዓሣ አጥማጆች ማኅበራትና ትምህርት ቤቶች እጃቸውን እንዲያዋጡ ተጠይቀው ያውቃሉ? እኔ ያለሁበት ዕድር አልተጠየቀም።

ሱቅ በደረቴ ማለት ስድብ መሆኑ ነው? ክብሪትም፣ መርፌም፣ ሶፍትም፣ ካልሲም ይዞ ደጅህ ድረስ የሚመጣው እሱ ነው። ሱፐርማርኬት ደቅ ድረስ ተሻግሮ አያውቅም።

ስለዚህ ቦርዱ የማኅበረሰቡን ጠቅላላ ጉባኤ ይጥራ። ከተማ አዳራሽ ውስጥ ብቻ ሳይሆን ዘጌና ደቅ ያሉትም የሚደርሱበት ቀንና ሰዓት ይምረጥ፤ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ላይ ነፋስ ስለሚነሳ ጠዋት ይሁን። ኃላፊውም ከአወራራጁ ድርጅት ጋር የተፈራረሙትን ውል ይዘው ይምጡ። ቀናችን በስንት ብር እንደተሸጠ ፊታችን ያንብቡልን።