ለድርቅ ተጎጂው ገበሬ፦ ብር ወይስ እህል?

በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲኔት የተባለው የመንግሥት ፕሮግራም ምግብ በየዓመቱ ለሚያጥራቸው ወረዳዎች አብዛኛውን ጊዜ ከጥር እስከ ሰኔ ክፍያ ይሰጣል። ጉልበት ያለው እርከንና መንገድ ይሠራል፤ አቅመ ደካማው ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። ክፍያው በብር ይሁን ወይስ በእህል? ሁለት ጸሐፊዎች ዋግ ኽምራንና ላስታን እያሰቡ ተከራክረውበታል።

ብር ይሁን የምትለው

እስቲ እህሉ የሚመጣበትን መንገድ እንይ። ከውጭ የተገዛው ስንዴ ጅቡቲ ወርዶ፣ ተጭኖ፣ መጋዘን አድሮ ወረዳ እስኪደርስ ስንት ጊዜ ክረምት ገብቶ መንገዱ በጭቃ ይዘጋል! ደረሰ እንበል። የአንድ ሰው የወር ድርሻ 15 ኪሎ ነው፤ ጆንያው ግን 50 ኪሎ ይይዛልና እናቶች እህል ማደያው ደጃፍ ቁጭ ብለው በጣሳ ይካፈላሉ፣ የፈሰሰውንም ከአፈር ይለቅማሉ። ከዚያ የአህያ ኪራይ አለ፣ ወፍጮ አለ፣ ጨው አለ። ሁሉም ብር ይፈልጋል፤ ብሩ የሚገኘው ደግሞ ከዚያው ስንዴ ተሸጦ ነው። በእደላው ሰሞን ሁሉም ገበያ ስለሚያወጣ ነጋዴው በፈለገው ዋጋ ያነሳዋል። ትንሽ ማሽላ ያገኘው የጎረቤት ወረዳ ገበሬም ዋጋው ይወድቅበታል።

በሰኔ 2015 ዓ.ም. የአሜሪካ የተራድኦ ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም በመላ አገሪቱ የምግብ እርዳታ ማቆማቸውን አንርሳ። ምክንያቱ እህሉ ለተረጂው ሳይደርስ ሌላ ቦታ መገኘቱ ነበር።

እህል ይሁን የሚለው

እህቴ፣ ያኔ የተቀጣው የሰረቀው አይደለም፤ የተራበው ነው። ስርቆቱም እህል ስለሆነ ብቻ አልመጣም። ዝርዝሩን የሚይዘው ሰው ካልታመነ የሌለ ሰው ስም ብርም ይቀበላል።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ገበያው ነው። ፕሮግራሙ ሲጀመር የቀን ክፍያው 6 ብር ነበር፤ 3 ኪሎ እህል እንዲገዛ ታስቦ። በ2000 ዓ.ም. እህል ሲወደድ ክፍያው 8 ብር ቢገባም ገበያው ጥሎት ሄዶ ነበር። ብር ለምዶ የነበረው ቤተሰብ ራሱ «እህል ስጡን» ማለት ጀመረ። ድርቅ ማለት እኮ እህል ከገበያ የሚጠፋበት ጊዜ ነው። 15 ኪሎ ስንዴ በጥርም በሰኔም 15 ኪሎ ነው፤ ብሩ ግን በየሳምንቱ ይሟሽሻል።

ደግሞስ ብሩ በሚታደልበት ጠረጴዛ አጠገብ ማን ይቆማል? የማዳበሪያ ዕዳ ሰብሳቢው፣ መዋጮ ጠያቂው። አምስት ቀን ድንጋይ ተሸክማ እርከን የሠራች ሴት ልጆቿ ዘንድ ግማሹን ይዛ ትገባለች። ከጆንያ ላይ ዕዳ ቀንሶ የሚያስቀር እስካሁን አላየሁም።

ብር ይሁን የምትለው

የጠረጴዛው ነገር ያሳፍራል፤ በዚህ አልከራከርዎትም። መፍትሔው ግን ሰብሳቢውን ከዚያ ማስነሳት ነው፣ ወይም ክፍያውን በሞባይል ማድረግ። የ2000 ዓ.ም. ችግርም የመጠኑ ችግር ነው። የገበያ ዋጋ እየተጠና ክፍያው ከጥር በፊት ይከለስ፤ በዓመቱ መካከል ዋጋው ቢዘልም እንደገና ይከለስ። ይህ በጀት ይጠይቃል እንጂ ጆንያ አይጠይቅም። እናት ብሩን ስትይዝ ለልጇ መድኃኒት ልትገዛ፣ አንዲት ግልገል ልታተርፍ ትችላለች። በስንዴ ብቻ ስንከፍላት ስለ ቤቷ የምንወስነው እኛ ነን።

እህል ይሁን የሚለው

ሞባይሉ ኔትወርክ ላለው ቀበሌ ነው። ማንበብ የማይችሉ አዛውንት የሚስጥር ቁጥራቸውን ለወኪሉ ነግረው ሲቀበሉ፣ የቆረጠባቸውን በምን ያውቃሉ? በጣሳ ሲሰፈር ግን ጎዶሎውን በዓይናቸው ያዩታል።

መስኖና ገበያ ላለበት ቀበሌ ብሩ ይሰጥ፣ አልቃወምም። ከመኪና መንገድ የግማሽ ቀን እግር ለሚርቀው ግን እህሉ ዝናብ ሳይገባ፣ በሚያዝያ መጋዘን ይግባለት። ያን ጊዜ እርስዎ የፈሩት ጭቃም አያግደውም።