ለቀልበ ቢሱ የክፍል ጓደኛዬ

ጉዳዩ፦ ሕመምዎን ስለማድነቅ

ክቡር ሆይ፣

ሐኪም ዘንድ በቀረቡበት ዋዜማ አሥራ ስምንቱን የኤዲኤችዲ (ቀልብ የማጣትና የመቅበጥበጥ ሕመም) ምልክቶች እንደ ዳዊት ሲደግሙ አይቻለሁ። አራት ሰዓት ሙሉ ከወንበርዎ ሳይነሡ፣ ስልክዎን ሳይነኩ ትኩረት ማጣትን አጠኑ። ሳምንት ሳይሞላ ለዚህ ሕመም የሚታዘዘው መድኃኒት፣ አዴራሉ፣ ኪስዎ ገባ፤ በፈተና ላይም የሰዓቱ ግማሽ ተጨመረልዎ። እንኳን ደስ ያለዎት።

እኔ ባለፈው ማክሰኞ እዚሁ ሜሪላንድ አዲስ ክሊኒክ ቀረብኩ። እንደ እርስዎ ያለው ታማሚ ስለበዛባቸው ነው መሰለኝ፣ ምልክቱ ከ12 ዓመት ዕድሜዬ በፊት መታየቱን በማስረጃ አሳይ አሉኝ። ከደሴ የሦስተኛ ክፍል ካርዴን አስመጥቼ፣ አስተርጉሜ፣ ማኅተም አስመትቼ አቀረብኩ፦ «ጎበዝ ነው፤ ቀልብ ግን የለውም። ወላጅ ይምጣ።» የምትመረምረኝ ሴትዮ ካርዱን ገልብጣ አየችው፤ ከዚያ እንደ መምህሬ እሷም ወላጅ ጠራች። በአስተርጓሚ፣ በስልክ።

«ልጄ? ምንም የለበትም!» አለች እናቴ። «እንደ ሰዓት ነው የሚሠራው። ማነው ይህን ያወራው ምቀኛ?»

ጨው ግዛ ብላ ስትልከኝ ጨውንም ሳንቲሙንም ረስቼ ኳስ ሜዳ ስገኝ አርጩሜ ይዛ የምትመጣው እናቴ ናት እንዲህ ያለችው! ሁለት ክረምት ጠበል ያመላለሰችኝ! አልፈርድባትም፤ የልጁን ጭንቅላት ለባዕድ የሚያማ ወላጅ የት አለ? ሴትዮዋ ግን «በልጅነት ምልክት አልታየም» ብላ ጻፈች። ጽፋም ቀና ብላ አየችኝ። ያን አስተያየት ታውቀዋለህ፤ ሌባ የሚታይበት ነው። ለአንተ ይገባ ነበር።

አዎ፣ አንተ። እርስዎ መባሉ ይብቃህ። ይህ መድኃኒት በአንድ ማዘዣ ሁለቴ አይወጣም፤ በየወሩ አዲስ ነው የሚጻፈው። በጥቅምት 2022 እጥረቱ ከታወጀ ወዲህ ስንት ፋርማሲ ደጅ ጠናሁ! አንተ በፈተና ሰሞን ፍሬውን በፍሬ ለጎረቤቶችህ ስትቸበችብ እኔ ሁለት ሥራ ጠፍቶብኛል። አንዱ የመኪና ማቆሚያ ነበር፤ ቁልፍ ጠፋብኝ። ሌላው እንዴት እንደጠፋ አልጠየቅኸኝምና አልነግርህም።

ሌላም የምለው ነበረኝ፤ ምድጃ ላይ የጣድኩት ሽሮ ግን እያረረ ነው።

ግልባጭ፦
ምንም ላላየችው እናቴ፣ ደሴ