ከአስፋልት ሁለት ደቂቃ

ባለፈው ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ስልኬ ጠራ። «ጋሼ፣ እንኳን ደስ ያለዎት! ቤቱ ተገኘ። ሁለት መኝታ፣ ሳሎን፣ የራሱ ግቢ፤ ከአስፋልት ሁለት ደቂቃ!» ደላላው ነው። ሐዋሳ ውስጥ የሚከራይ ቤት መፈለግ ከጀመርኩ ሦስተኛ ወሬን ይዣለሁ፤ እስካሁን ከአስፋልት ሁለት ደቂቃ ያልሆነ ቤት አንድም አልገጠመኝም። እናንተንም እንዳልገጠማችሁ አውቃለሁ። ከታቦር ተራራ ግርጌ እስከ ቱላ መዳረሻ፣ ከሐይቁ ዳር እስከ እንሰቱ ማሳ፣ ከተማችን በሞላ ከአስፋልት ሁለት ደቂቃ ናት።

ዛሬ የመጣሁት ታዲያ ላማርር አይደለም፤ ላመሰግን ነው። እንዲህ ያለ ጸጋ የታደለ ሰው ሳይመሰገን መቅረቱ ነውር ነው። ቀያሹ ባለ ሦስት እግር መሣሪያውን ተክሎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ረዳቱን «ወደ ግራ፣ አይ ወደ ቀኝ» እያለ ቀኑን ሙሉ የሚለፋበትን ርቀት፣ የእኛ ደላላ ካፌ በረንዳ ላይ እንደተቀመጠ፣ ማኪያቶውን እያማሰለ ይገላገለዋል። ሐዋሳ ቀጥ ባሉ ሰፋፊ መንገዶቿ የምትወደስ፣ ስትቆረቆር ጀምሮ ፕላን የነበራት ከተማ ናት። ፕላኑን ያወጡት ሰዎች ይህን ጥበብ ቢያውቁት ኖሮ ያ ሁሉ ወረቀት ባልባከነ።

የቅዳሜውን ጉዞ ግን በዝርዝር ልንገራችሁ፤ ጥበቡ የሚገባችሁ ስትከተሉት ነው።

በዳቶ በኩል አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ተገናኘን። እኔ ብስክሌቴን ይዣለሁ፤ በዚህ ለጥ ባለ ከተማ ያለ ብስክሌት መውጣት ያለ ጫማ እንደ መውጣት ነው። ደላላው ብስክሌቱን አይቶ ሳቀ። «ምን ያደርግልዎታል? እዚሁ እኮ ነው።» ሰዓቴን አየሁ፤ ከቀኑ 8:10።

«ይችን ኮብልስቶን እንደ ጨረስን ነው» አለ። ጨረስናት። ኮብልስቶኑ ሲያልቅ ቀይ አሸዋ ተቀበለን። «ያቺ ወፍጮ ቤት ትታይዎታለች? ከእሷ ጀርባ ነው።» ወፍጮ ቤቷ ጋ ደረስን፤ ከጀርባዋ ሌላ ወፍጮ ቤት አለ። የሁለተኛው ጀርባ ደግሞ ኳስ ሜዳ ነው። ልጆቹ ጨዋታ መጀመራቸው ነበርና ዜሮ ለዜሮ ነበሩ። (ስንመለስ 7 ለ 5 ሆነው፣ በረኛው ተቀይሮ፣ አንዱ ቡድን ክስ ላይ ነበር።) ከሜዳው ማዶ ቀይ አሸዋውም አለቀና ሐምሌ በራሱ እጅ ያቦካው ጭቃ ተጀመረ። «አሁን እንግዲህ ደረስን ማለት ነው» አለኝ። ደረስን «ማለት» ነው እንጂ ደረስን አለማለቱን ልብ በሉልኝ፤ የሙያው ረቂቅነት እዚህ ላይ ነው።

ጭቃው የብስክሌቴን ጎማ ከጭቃ መከላከያው ጋር አጣበቀውና መዞር እምቢ አለ። በእንጨት ቆረቆርኩት፤ አሥር እርምጃ ሄዶ እንደገና ጎረሰ። በመጨረሻ አንሥቼ ትከሻዬ ላይ አደረግኋት። ሃያ ዓመት የተሸከመችኝን ብስክሌት እኔም በተራዬ ተሸከምኳት። ደላላው ከፊቴ በነጠላ ጫማ፣ በሁለት ስልክ እየተነጋገረ፣ ካልሲው ላይ አንዲት ነጥብ ጭቃ ሳያርፍበት ይሄዳል። በሁለቱም ስልክ የሚናገረው አንድ ነገር ነው፦ «አዎ፣ አዎ፣ ከአስፋልት ሁለት ደቂቃ።»

እንሰት መሀል ገባን። ደጃቸው ላይ ተቀምጠው እንሰት የሚፍቁ እናት ቀና ብለው ትከሻዬ ላይ ያለችውን ብስክሌት፣ ከዚያ እኔን፣ ከዚያ እንደገና ብስክሌቷን አዩ። «ልጄ፣ ከሩቅ ነው የመጣኸው?» አሉኝ። «ከአስፋልት ነው፣ እማማ» አልኳቸው። «ኧረ በሞትኩት!» ብለው ውኃ አስመጡልኝ።

ትንሽ እንደ ሄድን ከፊት ለፊታችን ሌላ ደላላ ባልና ሚስት አስከትሎ ብቅ አለ። ባልየው ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቧል፤ ሚስትየው ጫማዋን በእጇ ይዛለች። «ቤት ፍለጋ ነው?» አልኩ። «አዎ፤ ከአስፋልት ሁለት ደቂቃ ተብለን ነበር።» «ከየትኛው አስፋልት?» ባልየው በመጣበት አቅጣጫ፣ ጭጋግ ወዳለበት ጠቆመኝ። ሁለቱ ደላሎች እንደማይተዋወቁ ሰዎች ተላልፈው፣ ካለፉ በኋላ ዞረው ተጣቀሱ።

ከዚያ ቦይ መጣ። በቦዩ ላይ አንድ የባሕር ዛፍ አጣና ተጋድሟል። ደላላው እንደ ፌንጣ ተሻገረ። እኔ እንዴት እንደ ተሻገርኩ ለሚስቴም አልነገርኳትም።

በሩ ላይ ስንደርስ 9:02 ሆኗል። «የታለ ሁለት ደቂቃው?» አልኩት፣ ትንፋሼን እየሰበሰብኩ። ቅር አለው። «ጋሼ፣ እኔ አስፋልት አልኩ እንጂ ያንን አስፋልት አልኩ?» ብሎ ከበሩ ፊት ለፊት ሣሩ ውስጥ የተቀበሩ ሁለት የሲሚንቶ ችካሎችን አሳየኝ። «በዚህ በኩል አስፋልት ሊወጣ ነው። ሲወጣ ሁለት ደቂቃም የለውም፤ አንድ ተኩል ቢሆን ነው።» በሁለቱ ችካሎች መካከል፣ በመጪው አስፋልት ላይ፣ አንዲት ላም ተኝታ ታመሰኳለች። ላሟ ከአስፋልት ዜሮ ደቂቃ ናት።

ስመለስ መንገዱን በስልኬ ለካሁት፤ 4 ኪሎ ሜትር ከ200 ሜትር። ይህን በሁለት ደቂቃ ለመጨረስ በሰዓት 126 ኪሎ ሜትር መብረር ያስፈልጋል። ቀነኒሳ በቀለ በ1996 ዓ.ም. ግንቦት ወር ሄንግሎ ላይ 5,000 ሜትሩን በ12 ደቂቃ ከ37.35 ሴኮንድ ጨርሶ የዓለምን ክብረ ወሰን ሲሰብር፣ በሁለት ደቂቃ በአማካይ የሸፈነው 800 ሜትር አይሞላም። እሱ በመም ላይ ነው የሮጠው፤ አጣናም አልነበረበትም። ለካ አገራችን ሜዳሊያ የምታጣው ደላሎቿን ስለማታሰልፍ ነው!

ቤቱንማ ምን ልበላችሁ፤ ቤት ነው። «ውኃ አለው?» አልኩ። «ሮቶ አለው» አሉ አከራይዋ። ጠጋ ብዬ ሮቶውን በጣቴ መታሁት፤ እንደ ገብርኤል ከበሮ አስተጋባ። ስንት እንደሆንን፣ ልጆቹ ሌሊት ያለቅሱ እንደሆነ፣ የሚስቴ ዘመዶች ብዙ እንደሆኑ ተጠየቅሁ። ቅድሚያ ክፍያው የስድስት ወር ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይደነግጋል ብዬ ትንፍሽ ብል፣ «ታዲያ አዋጁ ያከራይህ!» አሉኝ። ያኔ ነው የገባኝ፦ ሁለት የምትባለው ቁጥር በእኛ ዘንድ እንደ ጎማ ናት። ሁለት ደቂቃ ሃምሳ ሁለት ትሆናለች፤ ሁለት ወር ስድስት ትሆናለች። የሐዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውሃ ወንዝን ይቀበላል እንጂ በገጸ ምድር የሚወጣለት ወንዝ የለም ይባላል። ሐይቁ ይህን ጠባይ ከማን እንደተማረው እንግዲህ አሰላስሉት።

እዚህ ላይ ግን ምስጋናውን ለአፍታ ላቁመው። ከዚያ ግቢ ስወጣ በሩ ላይ አንዲት ልጅ ቆማ ነበር፤ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። በ2008 ዓ.ም. በተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። ከሦስት ጓደኞቿ ጋር የምትኖርባት አንዲት ክፍል ኪራይ ስለጨመረባቸው፣ የሌሊት ተራ ሠርታ ሳትተኛ ቤት ፍለጋ ወጥታለች። በዚያች ቀን ብቻ ለሦስት ደላሎች የማሳያ ከፍላለች። ከሦስቱ ቤቶች አንዱ ከተከራየ ወር አልፎታል፤ አንዱ ተቆልፎ ቁልፉን የያዘ ሰው አልተገኘም፤ ሦስተኛው ይኸው የእኔው ነው፤ ለአራት ሴቶች አይከራይም ተብላለች። ይህንን ደግሞ ደላላው ከአስፋልት ሲነሡ ያውቅ ነበር። እያወቀ አምጥቷታል። ከቀን ውሎ ምግቧ ላይ የቆጠበቻትን ብር፣ እንደማይሆንላት እያወቀ፣ ከእጇ ተቀብሏል። እኔ ብቀልድ ደመወዝ አለኝ፤ ብስክሌትም አለኝ። ልጅቷ ግን ዓይኗ ቀልቶ፣ ያችን 4 ኪሎ ሜትር በእግሯ ተመልሳ፣ በማግሥቱ ማሽኗ ፊት ትቀመጣለች። ሰው እንዴት ይህን አድርጎ ማታ እራቱን ይበላል?

ይቅርታ፤ ምስጋና ላይ ነበርን።

የበዓል ሰሞን ይህ ጥበብ እንዴት እንደሚያብብ ሳልነግራችሁ ባልፍ እበደላለሁ። ለሐምሌ ገብርኤል ከየአገሩ ምዕመናን ሲጎርፉ፣ በከተማዋ ያለ አልጋ ሁሉ «ከገብርኤል ሁለት ደቂቃ» ይሆናል። አምና አንድ ቤተሰብ በዚህች ቃል ተማምኖ አልጋ ይዞ፣ ንግሡ ላይ የደረሰው ታቦቱ ሲመለስ ነው። አንድ አከራይ ደግሞ ውል ላይ «ተከራይ ከሐምሌ 18 እስከ 20 ወደ ማብሰያ ቤት ይዛወራል» የሚል አንቀጽ ሊያስገቡብኝ ነበር። እኔ የተቃወምኩት «ይዛወራል» የሚለውን ቃል ነው፤ ዝውውር የደመወዝ ጭማሪ ያስከትላል።

በ2008 ዓ.ም. ዩኔስኮ በማይዳሰስ ቅርስነት የመዘገበው ፍቼ ጫምባላላማ ጭራሽ ሌላ ትምህርት ነው። የሲዳማ አያንቶዎች የከዋክብትን ጉዞ ተመልክተው የዘመን መለወጫውን ቀን ይቆርጣሉ። አባቶችም በበዓሉ ሕዝቡን ሲመክሩ ተግቶ እንዲሠራ፣ አገር በቀል ዛፍ እንዳይቆርጥ፣ እንዳይሰርቅ፣ በሐሰት እንዳይመሰክር ይናገራሉ። ሰማይ ላይ ያለውን ሳይሳሳቱ የሚያነቡ ሰዎች ባሉበት ከተማ፣ ምድር ላይ ያለች ወፍጮ ቤት የት እንዳለች የሚያውቅ ሰው ጠፋ! አንዱን ደላላ «በሐሰት አትመስክሩ ተብሏል እኮ» ብለው፣ «እኔ መቼ መሰከርኩ? የገመትኩት ነው» አለኝ።

በማግሥቱ እሑድ የበጎ አድራጎት የብስክሌት ጉዞ ነበር። ለአረጋውያን መጠለያ ማሠሪያ ነው፤ ከገብርኤል ተነሥቶ እስከ ጥቁር ውሃ፣ ደርሶ መልስ። ቤት አጥቼ ለቤት መሥሪያ መዋጮ ከፈልኩ፤ ካናቴራም ተሰጠኝ። አንድ ልክ ብቻ ነበርና ካናቴራው ጉልበቴ ድረስ ወረደ፤ ቤት እስካገኝ ድረስ ልኖርበት እችላለሁ።

ጉዞው ጧት 12 ሰዓት ይጀመራል ተባለ። በ12 ሰዓት እኔና የድምፅ ማጉያው ባለቤት ነበርን። የክብር እንግዳው «ሁለት ደቂቃ ይቀራቸዋል» ተባለ፤ ልቤ ስንጥቅ አለ፤ ቃሏን አውቃታለሁ። 2:20 ላይ መጡ። መድረክ መሪው «አሁን የክብር እንግዳችን የሁለት ደቂቃ ንግግር ያደርጉልናል» አለ። ንግግሩ 2:55 ላይ አለቀ፤ ዝናቡ ግን ገና መጀመሩ ነበር። ከዚያ የክብር እንግዳው ኮርቻ ላይ ወጡ፤ ከኋላ ሁለት ሰው ደገፋቸው፤ ካሜራው ፊት ለፊታቸው ወደ ኋላ እየሮጠ ቀረጻቸው። ከዚያ ወረዱና መኪናቸው ውስጥ ገቡ። በሰዓቴ ይዤዋለሁ፦ ልክ ሁለት ደቂቃ! በሦስት ወር ውስጥ በትክክል የተለካች ሁለት ደቂቃ ያየሁት ይህችን ብቻ ነው። ለካናቴራው፣ ለድንኳኑ፣ ለባነሩና ለኬኩ የወጣው ብር ስንት ቆርቆሮ ይገዛ ነበር የሚል ምቀኛ አጠገቤ ነበር፤ አልሰማሁትም። (ኬኩ የብስክሌት ቅርጽ ነበረው። የኋላ ጎማው ደርሶኛል።)

የቀረነው በዝናብ ጋለብን። ጥቁር ውሃ ድልድይ ጋ ስደርስ ካቴናዬ ወለቀች። ቁጢጥ ብዬ፣ እጄ በግራሶ ተለውሶ፣ ካቴናዋን ከጥርሶቹ ጋር ሳስታርቅ ስልኬ ጠራ። በክርኔ ከፈትኩት።

«ጋሼ፣ የትናንቱን ይተዉት። የእውነት ቤት ተገኝቷል። ጥቁር ውሃ ድልድይን ያውቁታል?»

«እላዩ ላይ ነኝ» አልኩ።

«አቤት ዕድልዎ! ከእሱ ሁለት ደቂቃ ነው።»

ካናቴራው ላይ እጄን ጠረግሁ። ግራ ቀኙን አየሁ፤ በአንድ በኩል ወደ ከተማ የሚመለሱት ብስክሌተኞች ጀርባ፣ በሌላው በኩል ወደ ሻሸመኔ የሚወስደው መንገድ ነው።

«በየት በኩል?» አልኩት።