የገጣሚውን ደብዳቤ አታቃጥሉ

ወገኖቼ፣ ይህን ልማድ ተዉ! ገጣሚ ሲሞት ደረት እንደቃለን፣ ግጥሙን በሬዲዮ እናስነብባለን። ተዝካሩ ካለፈ በኋላ ግን ከአልጋው ሥር የተገኘው አንድ ካርቶን ወረቀት በኪሎ ለሱቅ ይሸጣል፤ አለዚያም ከጥራጊ ጋር ይቃጠላል። ስለ ሰውየው የሚቀረን ወሬ ብቻ ነው፤ ሟች ደግሞ ተነሥቶ አያስተባብልም።

እንግሊዛዊው ገጣሚ ጆን ኪትስ እ.ኤ.አ. በ1821 ሮም ውስጥ በሳንባ ነቀርሳ ሲሞት ገና 25 ዓመቱ ነበር። የሐያስያን ክፉ ቃል ገደለው ተባለ። ገጣሚው ሼሊ በሙሾ ግጥሙ ይህንኑ አጸናው፣ ሌላው ገጣሚ ባይረንም በስንኝ ቀለደበት። ኪትስም ነቀፋ የማይችል ልፍስፍስ ልጅ ሆኖ ቀረ። ወሬውን ያፈረሱት፣ ሰዎች ሳይጥሉ ያቆዩአቸው የኪትስ ደብዳቤዎች ናቸው። ነቀፋው በወጣበት በ1818 መጸው፣ ውዳሴም ወቀሳም ለጊዜው እንጂ እንደማይነካው፣ ከሁሉም የሚያመው የራሱ ሒስ እንደሆነ ለአሳታሚው ጽፏል። ያን ሰሞን የሚሞት ወንድሙን እያስታመመ ነበር። አሜሪካ ለተሻገረው ለሌላው ወንድሙም፣ እርሱ ራሱ ከሞተ በኋላ ከእንግሊዝ ገጣሚዎች ተርታ እንደሚቆጠር ነግሮታል።

ለዚሁ ወንድሙ በ1819 ከየካቲት እስከ ግንቦት እያቋረጠ የጻፈው አንድ ረጅም ደብዳቤ አለ። በዕለት ወሬ መካከል፣ ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ግጥሙ «ላ ቤል ዳም ሳን ሜርሲ» ድንገት ብቅ ይላል፤ ወዲያው ደግሞ በግጥሙ ውስጥ መሳሙ ለምን አራት ጊዜ እንደሆነ እየቀለደ ያስረዳል። ከጥቂት ገጾች በኋላ መከራ ነፍስን እንዴት እንደሚቀርጽ ይመረምራል። ያ ወረቀት ቢጣል ኖሮ ይህን ሁሉ ከየት እናገኘው ነበር?

ገመና ይወጣል የምትሉ አላችሁ፤ ስጋቱ ይገባኛል። ለእጮኛው ለፋኒ ብራውን የጻፋቸው የፍቅር ደብዳቤዎች በ1878 ሲታተሙ ቅናቱና ልመናው ብዙዎችን አሳፈረ። እርሷንም ለረጅም ጊዜ ልበ ቢስ አሏት። የመጨረሻ ደብዳቤዎቿ ሳይከፈቱ ከእርሱ ጋር ተቀብረዋልና የሚሟገትላት አልነበረም። ስሟን ያደሰው በ1930ዎቹ የታተመው፣ ለኪትስ እህት የጻፈችው ደብዳቤ ነው። ስም የሚያጠፋው የደብዳቤ መገለጥ ብቻ አይደለም፤ መጥፋቱም ነው።

ገብረክርስቶስ ደስታ ያረፈው ኦክላሆማ፣ ጸጋዬ ገብረመድኅን ደግሞ ኒውዮርክ ነው። ከእነርሱም ሆነ ከሌላ ገጣሚ የተጻፈ ወረቀት በእጃችሁ ካለ፣ አዲስ አበባም ኑሩ ዋሽንግተን፣ አይጥና እርጥበት ሳይቀድማችሁ አውጡት። ቅጂውን ለልጆቻችሁ አስቀሩ፤ ዋናውን ለወመዘክር (ለብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ወይም ለኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አስረክቡ። ገመና ካለበትም አሽጉት፣ እስከዚህ ዓመት አይከፈት ብላችሁ ጻፉበት።